የህንድ ዘፈን የማን ቋንቋ ነው? ከመድረክ ጭቅጭቁ ጀርባ ያለው ገበያ

በ2025 ሚያዝያ መጨረሻ ታዋቂው ዘፋኝ ሶኑ ኒጋም ቤንጋሉሩ ከተማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ባዘጋጀው መድረክ ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከታዳሚው መሃል አንድ ወጣት «ካንናዳ! ካንናዳ!» እያለ ይጮህ ጀመር። አገሩን ካናዳን ማለቱ አይደለም። ካንናዳ የካርናታካ ግዛት ቋንቋ ነው፤ ቤንጋሉሩ ደግሞ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ናት። ልጁ በእኛ ቋንቋ ዝፈንልን ማለቱ ነበር።

ዘፋኙን ከፋው። ይሄ ልጅ ሳይወለድ ጀምሮ በካንናዳ ስዘፍን ኖሬያለሁ የሚል መልስ ሰጠ። እዚያ ላይ ቢያቆም ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። እሱ ግን ቀጠለና ፓሃልጋም ላይ የደረሰው ነገር የሚመጣው በእንዲህ ዓይነቱ ጠባይ ነው አለ። ፓሃልጋም ካሽሚር ውስጥ ያለ ከተማ ነው። ከኮንሰርቱ ጥቂት ቀናት በፊት ታጣቂዎች እዚያ 26 ሰዎችን ገድለዋል። ቪዲዮው ሲሰራጭ ነገሩ ተጋጋለ። የካንናዳ ተሟጋቾች ፖሊስ ጋ ከሰሱት። የግዛቲቱ የፊልም ንግድ ምክር ቤት ከእሱ ጋር አንሠራም አለ። ዘፋኙ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ክሱ ግን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

ወር ገደማ ቆይቶ ሌላ እሳት ተነሣ። የጎረቤቱ የታሚል ቋንቋ ፊልም አንጋፋ ተዋናይ ካማል ሃሳን ቼናይ ከተማ የአዲሱ ፊልሙን ዘፈኖች ሲያስመርቅ፣ በእንግድነት ለተገኘው የካንናዳ ተዋናይ ቋንቋችሁ ከታሚል የተወለደ ነው አለው። ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። በፍቅር የተናገርኩት ነው ብሎ እምቢ አለ። ሰኔ ላይ ፊልሙ በሌላው የህንድ ክፍል ሲከፈት ካርናታካ ውስጥ ሳይታይ ቀረ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ፣ የሳንሱር ፈቃድ ያገኘ ፊልም በማስፈራራት ከሲኒማ ቤት ሊባረር አይችልም እስኪል ድረስ ጉዳዩ ከረረ።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀላሉ ማብራሪያ «በቋንቋ ይጠላላሉ» የሚል ነው። በማኅበራዊ ሚዲያም የተባለው ይኸው ነው። ይህ ማብራሪያ ግን ሁለት ነገር ሳይመልስ ያልፋል። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች አንዱ በሌላው ቋንቋ እየዘፈነ ዘጠና ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሁለተኛ፣ ጠቡ የበረታው የግዛት ቋንቋዎቹ መዝናኛ በከሰመበት ዘመን አይደለም። ገንዘብም ተመልካችም በተትረፈረፈለት በዚህ ዘመን ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመረዳት ዘፈኑ እንዴት እንደሚሠራና ማን እንደሚከፍልበት ማየት ያስፈልጋል።

«የህንድ ፊልም» የምንለው ነገር

እኛ ጋ «የህንድ ፊልም» ሲባል አንድ ቋንቋ ይመስላል። አንድ አይደለም። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ህንዳውያን መምህራን እንኳ ብዙዎቹ ከደቡቧ የኬረላ ግዛት የመጡ ነበሩ። የእነሱ አፍ መፍቻ ማላያላም ነው፤ ሂንዲ ለእነሱም የሌላ ሰፈር ቋንቋ ነው። ዱባይ የሠራች ኢትዮጵያዊት በኤፍኤም ሬዲዮ የምትሰማው «የህንድ ዘፈን» ማላያላም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ኬረላዎች እዚያ ብዙ ናቸውና የራሳቸው ጣቢያዎች አሏቸው።

የህንድ ሕገ መንግሥት በልዩ ዝርዝር ያሰፈራቸው ቋንቋዎች 22 ናቸው። «ብሔራዊ ቋንቋ» የሚባል ግን በሕጉ ውስጥ የለም። ሂንዲ የማዕከላዊው መንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛም አብሮት ያገለግላል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሂንዲ አፍ መፍቻችን ነው ተብለው የተመዘገቡት 528 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ቤንጋሊ 97፣ ማራቲ 83፣ ቴሉጉ 81፣ ታሚል 69፣ ካንናዳ 44፣ ማላያላም 35፣ ፑንጃቢ 33 ሚሊዮን ገደማ። ከእነዚህ ትንሹ እንኳ የአንድ መካከለኛ አገር ሕዝብ ያህላል። ለራሱ ኮከብ፣ ለራሱ ዘፋኝና ለራሱ አሳታሚ የሚበቃ ገበያ ነው።

ቦሊውድ የሚባለው የሙምባይ የሂንዲ ፊልም ነው። የቴሉጉ ፊልም ማዕከሉ ሃይደራባድ፣ የታሚል ቼናይ፣ የካንናዳ ቤንጋሉሩ፣ የቤንጋሊ ኮልካታ ነው። በ2023 ኦስካር ያገኘው «ናቱ ናቱ» የቴሉጉ ዘፈን ነው፤ ቴሉጉ ደግሞ እንደ ታሚል፣ ካንናዳና ማላያላም የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው። በዚያ ሰሞን የዓለም ሚዲያ «የቦሊውድ ዘፈን» እያለ ሲያወራ የደቡብ ሰዎች የተበሳጩት ለዚህ ነበር።

የማያውቁትን ቋንቋ መዝፈን

የህንድ ፊልም መናገር የጀመረ ዕለት ዘፈነ። በመጋቢት 1931 ቦምቤይ የታየው የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልም ሰባት ዘፈን ነበረው። በማግስቱ ዓመት ሰባ ያህል ዘፈን ያለው ፊልም ወጣ! በዚያው 1931 የተሠራው የመጀመሪያው የታሚል ባለ ድምፅ ፊልም ደግሞ ተዋናዮቹ ገሚሱ በታሚል፣ ገሚሱ በቴሉጉ የሚነጋገሩበት ነበር። ማንንም አላስቸገረም። ሕዝቡ ከጥንቱ የመንደርና የከተማ ቴአትር ያመጣው ልማድ ታሪኩን በዜማ መስማት ነው። ንግግሩ ባይገባው ዜማው ይገባዋል።

መጀመሪያ ተዋናዩ ራሱ ነበር የሚዘፍነው። በ1935 ካልካታ ውስጥ ሌላ ዘዴ ተጀመረ፤ ፕሌይባክ። ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ ሰው ድምፅ ይቀረጻል። ቀረጻው ላይ ተዋናዩ ዘፈኑ እየተለቀቀለት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በዚህ አንድ ዘዴ የዘፋኙ መልክ፣ ዕድሜና ቋንቋ ከገበያው ጥያቄ ወጣ። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሞቹ ይናገራሉ። የሂንዲ ዘፈን ንግሥት የነበረችው ላታ ማንጌሽካር የማራቲ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጅ ናት። ኤስ ፒ ባላሱብራማንያም የቴሉጉ ሰው ነው፤ ታሚሎችም ካንናዳዎችም የእኛ ነው ይላሉ። የሽሬያ ጎሻል አፍ መፍቻ ቤንጋሊ ነው፤ በማላያላምና በካንናዳ ስትዘፍን ግን ያገሬው ሰው ያገሩን ልጅ የሰማ ይመስለዋል። ስቱዲዮ ውስጥ የተለመደው አሠራር ቀላል ነው። ዘፋኙ ግጥሙን በሚያውቀው ፊደል ይጽፈዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቃሉን ያርመዋል። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያለቀ ስለሆነ ገጣሚውም የሚሠራው ለተቆረጠ ልክ ነው።

ሶኑ ኒጋም የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ትውልዱ ሰሜን ህንድ ነው። በ2006 በወጣ አንድ የካንናዳ የፍቅር ፊልም ውስጥ የዘፈነው ዘፈን ግን ካርናታካ ውስጥ የቤት ልጅ አደረገው። እንግዲህ የኮሌጁ ልጅ «ካንናዳ!» ሲል የጮኸው በማያውቀው ሰው ላይ አልነበረም። የራሱ ነው ብሎ የሚቆጥረውን ዘፋኝ ነው የጠየቀው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ ልጁ ትዕቢተኛ ነበር ወይስ አድናቂ በሚለው አይስማማም። ነገር ግን ዘፋኙን በእንግድነት የሚቀበል ከተማ እንዲህ አይጠይቀውም።

አሁን አሁን ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ቋንቋ እየቀየረ ይጓዛል። «ፓን ኢንዲያ» የሚባለው የፊልም ዓይነት አንዴ ተቀርጾ በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በካንናዳ፣ በማላያላምና በሂንዲ በአንድ ቀን የሚለቀቅ ነው። ንግግሩ ዳቢንግ ይደረጋል፤ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ይተካል ማለት ነው። ዘፈኑ ግን በእያንዳንዱ ቋንቋ እንደ አዲስ ይጻፋል። «ናቱ ናቱ» በሂንዲ «ናቾ ናቾ»፣ በታሚል «ናቱ ኩቱ» ሆኗል። ዜማው ያው፣ ጭፈራው ያው፣ ግጥሙ ሌላ። ገጣሚው ትርጉሙን ብቻ ቢያመጣ አይበቃውም። ቃሉ ከቀለሙ ርዝመትና ከተዋናዩ ከንፈር ጋር መገጣጠም አለበት። ብዙ የዳቢንግ ዘፈን ሲሰማ የሚጎረብጠው እዚህ ላይ ነው።

ቋንቋ ድንበር ሲሆን፣ ኮከብ መሪ ሲሆን

እንዲህ ተግባብቶ የሚሠራ ኢንዱስትሪ ለምን በአንድ ቃል ይናጋል? መልሱ ከስቱዲዮው ውጭ ነው።

ህንድ ነፃ ስትወጣ የቀድሞዎቹን የቅኝ ገዥ አስተዳደሮች ወረሰች። በ1952 መጨረሻ ፖቲ ሽሪራሙሉ የተባለ ሰው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች ግዛት ይሰጥ ብሎ ጾም ላይ ሳለ ሞተ። አመፅ ተነሣ፤ በማግስቱ ዓመት የአንድራ ግዛት ተመሠረተች። በ1956 ደግሞ የአገሪቱ ካርታ በአብዛኛው በቋንቋ ተከለለ። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ጨዋታ አይደለም፤ ዝርዝሩ ግን የራሳቸው ነው። ቋንቋ ከዚያ በኋላ የበጀት፣ የሥራና የትምህርት ጉዳይ ሆነ።

ግዛት ያገኘ ቋንቋ ፊት ያስፈልገዋል። ፊቱን ሲኒማ ሰጠው። የታሚሎቹን ግዛት ታሚል ናዱን በ1967 የተረከበው ፓርቲ መሪዎቹ የፊልምና የቴአትር ጸሐፊዎች ነበሩ። ሂንዲን በመቃወም በ1965 የተነሣው የተማሪዎች አመፅ ነው መንገዱን የጠረገላቸው። ቀጥሎ ተዋናዩ ኤም ጂ ራማቻንድራን፣ ከዚያ ተዋናይቷ ጃያላሊታ ግዛቲቱን መርተዋል። በአንድራ ኤን ቲ ራማ ራኦ በፊልም አምላክ እየሆነ ሲጫወት ኖሮ ፓርቲ መሠረተ፤ ዘጠኝ ወር ገደማ ሳይቆይ በ1983 ሥልጣን ያዘ።

የካንናዳ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ የሁለቱም ጠብ መነሻ እዚያ ነው። ካርናታካ በአራት ትልልቅ ቋንቋዎች የተከበበች ናት። ቤንጋሉሩ ደግሞ በኮምፒውተር ሥራ ከመላ ህንድ ሰው የጎረፈባት ከተማ ናት፤ ካንናዳን አፍ መፍቻው ያደረገው ነዋሪ ከግማሽ በታች ነው። ባለሱቁም ባለታክሲውም በየቀኑ በሂንዲ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ይህን ብሶት ወደ አደባባይ ያወጣው ሰው ራጅኩማር የተባለው ተዋናይና ዘፋኝ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካንናዳ በትምህርት ቤት ቀዳሚ ይሁን የሚለውን ትልቅ እንቅስቃሴ መርቷል። በ2006 ሲሞት ከተማዋ በሐዘን ብቻ ሳይሆን በረብሻም ተናውጣለች። ካማል ሃሳን «ቋንቋችሁ ከእኛ ተወለደ» ያለው ለማን እንደሆነ አሁን ልብ በሉ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ሺቫራጅኩማር ይባላል፤ የዚያ የራጅኩማር ልጅ ነው። (የቋንቋ ምሁራን፣ ታሚልና ካንናዳ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተገኙ እህትማማቾች ናቸው ይላሉ፤ እናትና ልጅ አይደሉም።)

የካንናዳ ኢንዱስትሪ ራሱን ለመከላከል የወሰደው እርምጃም አለ፤ ውጤቱ ያስተምራል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ ካንናዳ ዳቢንግ የተደረገ ፊልም እንዳይታይ ማኅበራቱ አገዱ። ሕግ አልነበረም፤ ግን ማንም አይደፍረውም። ሐሳቡ የአገሬው ባለሙያ ሥራ እንዳያጣ ነበር። ተመልካቹ ግን የቴሉጉንና የታሚሉን ፊልም በካንናዳ ድምፅ ማየት ሲከለከል በዋናው ቋንቋ ማየት ለመደ። የቤንጋሉሩ ሲኒማ ቤቶች በሌሎች ቋንቋዎች ተሞሉ። በ2015 የህንድ የንግድ ውድድር ኮሚሽን እገዳው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቅጣት ጣለ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እነሆ። በ2018 እና በ2022 የወጡት የወርቅ ማዕድን ወንበዴ ታሪክ ፊልሞች ከካንናዳ ተነሥተው ዳቢንግ እየተደረጉ መላ ህንድን አዳረሱ። ግድቡን የሠራው ኢንዱስትሪ ሲከፈት ዋናው ተጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ገንዘቡ መንገድ ሲቀይር

እስከ 1970ዎቹ ሸክላ የሚያትም ሰው ጥቂት ነበር። አንድ ትልቅ ኩባንያ ገበያውን ይዞታል፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰውም ሀብታም ነው። እንዲህ ባለ ገበያ አሳታሚ የሚመርጠው ብዙ ሰው የሚሰማውን ነው፤ የሂንዲ ፊልም ዘፈን።

መንግሥትም በበኩሉ ሞክሮ ነበር። በ1952 የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበረው ቢ ቪ ኬስካር የፊልም ዘፈን ጣዕም ያበላሻል ብሎ ከብሔራዊ ሬዲዮ ገፋው፤ ሕዝቡ ክላሲካል ይስማ አለ። ሕዝቡ ሬዲዮኑን ወደ ሲሎን፣ ወደዛሬዋ ስሪላንካ፣ አዞረ። አሚን ሳያኒ እዚያ የሚያቀርበው የዘፈን ደረጃ ዝግጅት የክፍለ አህጉሩ ተወዳጅ ሆነ። በ1957 የህንድ ሬዲዮ እጁን ሰጥቶ ለፊልም ዘፈን ልዩ አገልግሎት ከፈተ።

የግዛት ቋንቋዎችን የመጀመሪያውን ጊዜ ነፃ ያወጣቸው ካሴት ነው። በ1980ዎቹ ርካሽ ማጫወቻና ርካሽ ካሴት ሲመጣ አነስተኛ አሳታሚ በየከተማው ፈላ። ቲ ሲሪስ የሚባለውን ኩባንያ የመሠረተው ጉልሻን ኩማር ዴልሂ ውስጥ የጭማቂ ሻጭ ልጅ ነበር። የድሮ ዘፈኖችን በአዲስ ዘፋኝ እያስቀረጸ፣ በሕጉ ቀዳዳ እየገባ፣ በርካሽ ሸጠ። ከእሱ ጎን በሰሜን ህንድ የሚነገሩት የቦጅፑሪ፣ የሃሪያንቪና የፑንጃቢ ቋንቋዎች ካሴት በገጠር ገበያ መደርደሪያ ላይ ወጣ። የሰርግ ዘፈን፣ የገጠር ቀልድ፣ መንፈሳዊ መዝሙር፤ ሙምባይ የማይነካው ሁሉ ገዢ አገኘ። የካሴት ዘመንን የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው ነፃነት በመስከረም 2016 መጣ። ጂዮ የሚባለው የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት ሲጀምር ዳታውን ለወራት በነፃ ሰጠ። ተፎካካሪዎቹም ዋጋ ለመጣል ተገደዱ። የህንድ የሞባይል ዳታ ከዓለም እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ጎራ ገባ። አዲስ የገባው ተጠቃሚ እንግሊዝኛ የሚያነብ የከተማ ሰው አልነበረም። የገጠር ሰው ነው፤ ዩቲዩብን ከፍቶ በአፉ ቋንቋ ይፈልጋል። በ2019 ቲ ሲሪስ በዩቲዩብ ላይ ብዙ ተከታታይ ያለው ቻናል ሲሆን ዓለም ተገረመ። ከበስተጀርባው የነበረው ይህ አዲስ አድማጭ ነው።

ስትሪሚንግ (ዘፈኑን ሳያወርዱ በኢንተርኔት መስማት) የሒሳቡን መንገድም ቀይሮታል። ሬዲዮ አንድ ሰዓት አለው፤ በዚያ ሰዓት አንድ ዘፈን ብቻ ይገባል። ስልክ ለሁሉም ቦታ አለው። ለሂንዲ የተሰጠው ሰዓት ከካንናዳ የሚነጥቀው ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ቴክኖሎጂ ትልቁን ቋንቋ ብቻ ይጠቅማል ብሎ የጠበቀው ብዙ ነበር። ህንድ ውስጥ የታየው ወደ ተቃራኒው ያደላል።

ገንዘቡ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አሳታሚዎች የፊልሙን ሙዚቃ መብት ገና ሳይወጣ በጅምላ ይገዛሉ። ለረጅም ዘመን ዜማ ደራሲና ገጣሚ አንዴ ተከፍሎት ይሸኝ ነበር። በ2012 የቅጂ መብት ሕጉ ተሻሽሎ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለፈጣሪው የሚከፈል ድርሻ፣ ተፈርሞ የማይሰጥ መብት ሆነ። ታዲያ ክርክሩ አልቆመም። የታሚሉ ታላቅ ዜማ ደራሲ ኢላያራጃ በ2017 የዕድሜ ልክ ጓደኛውን ባላሱብራማንያምን ሳይቀር ዜማዎቼን ያለ ፈቃዴ በኮንሰርት እንዳትዘፍን ብሎ የሕግ ማስጠንቀቂያ ልኮበታል። በ2024 ደግሞ አንድ የማላያላም ፊልም የ1991 የታሚል ዘፈኑን ስለተጠቀመ ማስጠንቀቂያ ላከ። ያ የማላያላም ፊልም ታሚል ናዱ ውስጥ ሳይተረጎም ተመልካች ያጥለቀለቀው ነበር፤ ሕዝቡን የሳበውም ያው የታሚል ዘፈን ነው። የግዛት ቋንቋዎች ያለ ሙምባይ አማላጅነት እርስ በርስ መነጋገር ጀምረዋል ቢባል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ያለ ፊልም የቆመው ፑንጃቢ

በደቡብ ትልቁ ዘፈን አሁንም የፊልም ዘፈን ነው። ፑንጃብ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ኮከቡ ዘፋኙ ራሱ ነው፤ ፊልም ቢሠራም ባይሠራም። ገበያው ደግሞ አገር ቤት ብቻ አይደለም። ብሪታንያና ካናዳ (አሁን አገሩን ማለቴ ነው) ብዙ ፑንጃቢ አለ። ዘፈኑ በካናዳ ከተሞች በብራምፕተን ወይም በሰሪ ተቀርጾ በፑንጃቧ አምሪትሳር ይሰማል። በ2023 ዲልጂት ዶሳንጅ አሜሪካ ውስጥ ኮቼላ በሚባለው ፌስቲቫል ላይ ጥምጥሙን እንዳሰረ በፑንጃቢ ዘፈነ።

33 ሚሊዮን ተናጋሪ ያለው ቋንቋ የሂንዲን ዘፈን ከውስጥ ቀይሮታል። የቦሊውድ የሰርግና የጭፈራ ዘፈን ዛሬ ግማሹ ፑንጃቢ ነው ቢባል ማጋነን እንጂ ውሸት አይደለም። ሂንዲ ሁሉን ይውጣል የሚለውን ስጋት ሲመዝኑ ይህንንም መያዝ ጥሩ ነው።

ጥላም አለው። በግንቦት 2022 ሲዱ ሙሴ ዋላ የሚባለው ወጣት ዘፋኝ በመኪናው ውስጥ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት የፑንጃብ መንግሥት መሣሪያን የሚያሞግስ ዘፈን አገደ። እገዳው በዩቲዩብ ዘመን ምን ያህል ይሠራል የሚለውን ከኬስካር ታሪክ መገመት ይቻላል።

የሚጋጩት ወገኖች

ሂንዲን የሚደግፉ ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ይህን ያህል ቋንቋ ያለው አገር መገናኛ ያስፈልገዋል፤ ያ መገናኛ ለምን እንግሊዝኛ ይሁን? የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አሚት ሻህ በ2022 ሂንዲ የእንግሊዝኛ አማራጭ እንጂ የግዛት ቋንቋዎች ምትክ አይሁን ብለው ነበር። ቦሊውድ በፍቅር ያስተማረውን ሂንዲ ማንም በግድ አላስተማረም የሚሉም አሉ። ይህ ለብዙ አድማጭ እውነት ነው።

የደቡቦቹ መልስ ከዘፈን ያልፋል። በ2025 ማዕከላዊ መንግሥቱ ለትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ ተማሪ ሦስት ቋንቋ ይማር ከሚለው ፖሊሲ ጋር በማያያዙ ከታሚል ናዱ ጋር ተፋጥጧል። በሰሜን አቅራቢያ ያለችው ማሃራሽትራ እንኳ ሂንዲን ከአንደኛ ክፍል ለማስገባት ሞክራ በተቃውሞ ሰኔ ላይ ሰረዘችው። የፓርላማ መቀመጫ በሕዝብ ብዛት ሲከፋፈል፣ የሕዝብ ዕድገቱን የቀነሰው ደቡብ ድምፁ ያንሳል የሚል ስጋትም አለ። እንዲህ በታመቀ አየር ውስጥ የኮንሰርት ላይ ቃል የኮንሰርት ሆኖ አይቀርም።

ሦስተኛው ወገን ነጋዴው ነው። ለእሱ ቋንቋ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ነው፤ አምስት ቋንቋ ማለት አምስት ገበያ። በእኔ ግምት ጠቡን በብዛት የሚያበርደው ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ግን ከፍቅር ተነሥቶ አይደለም፤ የቲኬት ሽያጭ እንዳይቀርበት ነው። ለዚህም ነው ንግድ ምክር ቤቶቹ አኩርፈው ብዙ የማይቆዩት።

ቁጣው ከፍርሃት ብቻ ነው የሚለውን ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። በ1965 የታሚል ተማሪ አደባባይ ሲወጣ የፈራው ሥራና ፈተና ነበር። በ2025 የቤንጋሉሩ ልጅ መድረክ ፊት ቆሞ ሲጠይቅ በስልኩ ውስጥ ሙሉ የካንናዳ ገበያ አለ፤ ፊልሙ ሙምባይ ድረስ ተሰልፎ ታይቷል። ከፋይ ደንበኛ ነው የሚጠይቀው። ይህ ጥያቄውን ሁልጊዜ ትክክል አያደርገውም፤ ዘፋኝን ማዋከብም ማዋከብ ነው። የጠቡ ዓይነት ግን ተቀይሯል።

ከዚህ ወዲያ

ሁለት ነገር መጠበቅ ይቻላል። አንዱ ከማሽን ይመጣል። በ2024 መጀመሪያ ዜማ ደራሲው ኤ አር ራህማን በአንድ የታሚል ዘፈን ላይ የሞቱ ሁለት ዘፋኞችን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሶ አሰምቷል፤ ቤተሰቦቻቸውን አስፈቅጃለሁ፣ ክፍያም ሰጥቻለሁ ብሏል። ይኸው ቴክኖሎጂ የአንድን ተዋናይ ወይም ዘፋኝ ድምፅ ወደ ሌላ ቋንቋ ማዞር ይችላል። ያኔ ቃሉን ለማረም አጠገቡ የሚቆመው ሰው፣ ለሌላ ቋንቋ ቅጂ የሚቀጠረው ዘፋኝና የዳቢንግ ባለሙያው ሥራ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ማኅበራቱን ማስጨነቅ ጀምሯል።

ሌላው ግዛት የሌላቸው ቋንቋዎች ጉዳይ ነው። ቦጅፑሪን ውሰዱ። የቢሃርና የምሥራቅ ኡታር ፕራዴሽ ቋንቋ ነው። ከ50 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪ አለው፤ ቆጠራው ግን በሂንዲ ሥር ነው የሚደምራቸው። ለሥራ ወደ ዴልሂና ሙምባይ የተሰደደው ሠራተኛ በስልኩ የሚሰማው ቦጅፑሪ ነው፤ ዘፈኖቹ በዩቲዩብ እጅግ ብዙ ተመልካች አላቸው። ስማቸው ግን በብልግና ይነሣል፤ የተማረው ቦጅፑሪ ራሱ ያፍርባቸዋል። የቋንቋውን ትምህርት የሚደግፍ የራሱ ግዛት፣ ሥራ የሚያስቀጥር ፈተና ከሌለ ዘፋኙ የሚተማመነው በተመልካች ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ጸያፉን ይወዳል።

የቦጅፑሪ ኮከቦች ግን ፓርላማ ገብተዋል። ማኖጅ ቲዋሪና ራቪ ኪሻን በሂንዲ ደጋፊነቱ የሚታወቀው የገዢው ፓርቲ አባላት ናቸው። ራቪ ኪሻን በ2024 ቦጅፑሪ ከ22ቱ ቋንቋዎች ዝርዝር እንዲገባ የሚጠይቅ ረቂቅ አቅርቧል። ሌሎች 37 ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ተሰልፈዋል። መንግሥት እስካሁን የሚሰጠው መልስ፣ ለመቀበልም ላለመቀበልም የተቆረጠ መስፈርት የለም የሚል ነው።